የችግር ማስረጃ

ዊኒፔግ፣ ካናዳ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ ቡሬ

የኔታ፣ ክረምቱን እንዴት ወጡት? የእትዬ ወለተ ሥላሴ ዓይን ቀለል አለላቸው? አዲሱን ዓመት እግዚአብሔር የዕረፍት ያድርግልን። የአባቴ የአጎት ልጅ ቢሆኑም መምህርነትዎ ስለሚበልጥብኝ ዛሬም የኔታ እላለሁ፤ አይቆጡኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለኝ፣ ብርዱም ገና አልገባም።

ጎረቤታችሁ ላቀው በርበሬውን ሊሸጥ አዲስ አበባ በወጣ ጊዜ በስልክ አገኘሁት። ልጅዎ ያምሮት የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ሰማንያ አንድ ከመቶ አምጥታ አለፈች ሲለኝ የማጥበውን ሳህን ለቀቅሁት። ዩኒቨርሲቲው በጠራ ጊዜ ግን መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ፣ ጥሪውን የሰማችው ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው አለኝ። ይኸው ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት ቤት ትቀመጣለች፣ የኔታ?

ስለዚህ ይህን ያስቡበት። እኔ የምሠራው በአንድ ኮሌጅ ምግብ ቤት ነው። የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ከወጥ ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ የቢሮዋን ሴትዮ ሾርባ ልትወስድ ስትመጣ ጠየቅኋት። እንደ ገባኝ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው በነጥብ የሚሰጥ ነው፤ ከክፍያው ግን ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ሁለተኛው ብድር ነው፤ ተምራ ሠርታ ትከፍላለች፣ እዚህ የሚኖር ዋስ ግን ይፈልጋል። ሦስተኛው በችግር ልክ የሚሰጥ ነው። ቤተሰቡ የሚችለውን ይከፍላል፣ የቀረውን ኮሌጁ ይሞላል፤ ምንም የሌለው ምንም አይከፍልም። አገር ቤት እንዳለው ወጪ መጋራት ተመርቀው ከደሞዝ የሚቆረጥ ዕዳ አይደለም። ለጥቂት ሰው ብቻ ስለሚሰጥ ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ።

ላቀውን ስለ ልጅዎ ስለ ደጀኔ ስጠይቀው ስለ በርበሬ ዋጋ አወራኝ። ወንድሜ እንዴት ነው? ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ እንዳለው


ቡሬ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳለው

የአባቶች አምላክ በሄድህበት ይከተልህ። እኛ በእርሱ ቸርነት ሙሉ ነን፤ ጎደለ የምንለው አንተን ብቻ ነው። እህሉ ገብቷል፣ ከብቱም ደህና ነው፣ እትዬህም እንደ ወትሮዋ ናት።

ደብዳቤህን ላቀው አዲስ አበባ አሳትሞ አመጣልኝ። ይህንንም ይዞት ይወጣና እዚያ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል። እዚህ ስልክ ከጠፋ ከርሟል። መልስ ከዘገየብህ ላቀው ወይም መንገዱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ለያምሮት ሳነብላት ሦስቱ መንገዶች ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለብቻዋ ሄደች። ማታ እራት ላይ ስለ ብድሩ ወለድ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ስለ ወለድ ምን አውቃለሁ? ፈረንጅ ችግርን በልክ ይሰፍራል ማለትህ ግን አስቆኛል። በቁና ነው በእንቅብ?

ሦስተኛውን ተወው። የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ልጅ ችግረኛ ነኝ የሚል ወረቀት ይዛ ደጅ አትጠናም። ሠላሳ ዓመት ቅኔ የተነገረበት ቤት ነው። ብድሩ ይሻላል፤ ትማር፣ ትሥራ፣ ትክፈል። ዋስ የሚሉትንም አንተ ትሆናለህ። ከቅኔ ቤት ጠፍተህ ፍኖተ ሰላም ኳስ ስታይ የተያዝህ ጊዜ፣ አባትህ ዱላ ይዞ ሲመጣ ዋስ የሆንኩህ እኔ አይደለሁም? አሁን ተራው ያንተ ነው።

ገንዘብ እልካለሁ ብለህ ለላቀው ነግረኸው ኖሯል። አትላክ። ለራስህ ልብስ ግዛበት።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ

የኔታ፣ ለመጪው ልደት በሰላም ያድርስዎ፤ እትዬንም፣ ያምሮትንም፣ ደጀኔንም። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ዋስነቱ ጠይቄያለሁ። አይሆንም ማለቴ አይደለም፤ የኔ ወረቀት ገና የሚስተካከል ነገር ስላለው ዘንድሮ አይደርስም። በነጥብ የሚሰጠው ደግሞ ግማሹን እኛ እንክፈል ማለት ነው። ስለዚህ ያለን ሦስተኛው ነው። ልመና አይምሰልዎ፤ አሠራር ነው። እዚህ የሐኪም ልጅ ሳይቀር ፎርሙን ይሞላል።

ፎርሙን ላቀው ከላከልኝ የያምሮት ማስረጃ እየገለበጥኩ ሞልቼዋለሁ። የቀረው የቤተሰቡ ኑሮ ነው። ቀበሌው በማኅተም ይጻፍላችሁ። ቢሮው የሚዘጋበት አገር መሆኑን ለሴትዮዋ ነግሬያታለሁ፤ ቀበሌ ከሌለ የቤቱ ኃላፊ በገዛ እጁ ይጻፍ፣ አዲስ አበባ ፈቃድ ያለው አስተርጓሚ ተርጉሞ በቀጥታ ይላክልን ብላለች።

አደራ፣ እንደ ደብዳቤ ወግ አይጻፉት። ለንስሐ አባት እንደሚነገረው ይጻፉት። ስንት በሬ አለ? ስንት ኩንታል ገባ? ማን ያርሳል? ማን ታሟል? ሁሉም እንዳለ ይውጣ። የመጨረሻው ቀን የካቲት 21 ነው።

ደጀኔ ነው ዛሬም የሚያርሰው? ስለ እርሱ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

እንዳለው


ቡሬ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳለው

የጥምቀቱ ባለቤት ይጠብቅህ። እኛ እንዳወቅኸን ነን፣ ሙሉ ነን፤ ምስጋና ለርሱ ይሁን።

ቀበሌው ከተዘጋ ከዓመት በላይ ሆነው። ማኅተሙን አንዱ ጫካ ነው ይላል፣ አንዱ ከተማ ገብቷል ይላል። ስለዚህ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጋሪ ሄጄ ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ ደረስሁ። ጠበቅሁ። በረንዳው በሰው ሞልቷል። ወረፋዬ ሲደርስ አንድ ጎልማሳ ቀና ሳይል፣ «አባ፣ የርስዎን ድህነት እኛ በምን አይተነው ነው የምንመሰክረው?» አለኝ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ከሰው መካከል አንዱ ያስተማርኩት ዲያቆን ነበር፤ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። እኔ ግን ፊቴን ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ያን ቀን እህል አልቀመስሁም።

ደብዳቤውን ራሴ ጽፌዋለሁ። በሙጫ አሽጌ ለላቀው ሰጥቼዋለሁ፤ ከእጁ ወደ አስተርጓሚው ነው። ለሹሞቹ የተጻፈ ስለሆነ አንተ እንዳትከፍተው። በሚገባ ጽፌዋለሁና አታስብ። ለአስተርጓሚው የሚከፈለውን ግን ከላቀው ጋር ብትጨርሱት መልካም ነው፤ እጄ ላይ ዝርዝር አልነበረም።

ያምሮት የባዮሎጂ ደብተሯን እንደገና እየገለበጠች ነው። በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ለእናቷ በአማርኛ ትተረጉምላታለች። ወለተ ሥላሴ ስለ ጉበት ከሐኪም በላይ አውቃለሁ ትለኛለች። የዓይን ጠብታ እዚያ ርካሽ ከሆነ አንድ ሁለት ብልቃጥ ሰው ሲመጣ ላክ። ካልሆነም ግድ የለም።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም


ዊኒፔግ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ

የኔታ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ።

መልሱ መጥቷል። ኮሌጁ ያምሮትን ተቀብሏታል። ከመቶ በላይ አመልካች መካከል ሦስተኛ ናት፤ ይህን ንገሩልኝ፣ ሦስተኛ። እርዳታውን ግን ከልክለዋል። ምክንያቱን ስጠይቅ ሴትዮዋ የርስዎን ደብዳቤ ከነትርጉሙ አውጥታ አሳየችኝ። እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦

«እኛ በአምላክ ቸርነት ሙሉ ነን፤ የጎደለብን አንዳች የለም። እህል ከጎተራችን፣ ከብት ከበረታችን አልታጣም። ደሃ ከደጃችን ተመጽውቶ ይሄዳል። ልጄን ብታስተምሯት ደስታችን ነው፤ ባታስተምሯትም አምላክ የሰጠን ይበቃናል።»

ከሥሩ ፊርማዎ አለ። ሴትዮዋ፣ «አባትየው ራሳቸው ይበቃናል ብለው ፈርመዋል፤ እኛ ከሳቸው በላይ ምን እናውቃለን?» አለችኝ። በኛ አገር ሰው ሲጠየቅ ሙሉ ነኝ ነው የሚለው፣ ቤቱ ባዶ ቢሆንም እንዲያ ነው የሚለው ብዬ አስረዳሁ። ሴትዮዋ አዘነች፣ ግን ኮሚቴው የሚያየው ወረቀቱን ነው።

የኔታ፣ ተናድጃለሁ። በርስዎ መናደድ ነውር መሆኑን እያወቅሁ ተናድጃለሁ። እኛን ተማሪዎችዎን አኩፋዳ አስይዘው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን ከደጅ ደጅ ቁራሽ ለምነን እንድንማር የላኩን እርስዎ አይደሉም? ለእውቀት መለመን ክብር ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም? ለኛ የተፈቀደው ለያምሮት ለምን ነውር ሆነ?

ደግሞ እኔም ዋሽቼዎታለሁ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ከጥቅምት ጀምሮ ሥራዬ በሳምንት ሁለት ቀን ሆኗል። ከሁለት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የማድረው። ዋስ ልሁን ብዬ ስጠይቅ የባንኩ ሰው የገቢ ወረቀቴን አየና መልሶ በእጄ አስያዘኝ። ይህን መጻፍ አፍሬ ነበር። እንግዲህ ሁለታችንም ሙሉ ነን እያልን ልጅቷን ገደል ልንከታት ነው።

ይግባኝ ይቻላል፤ እስከ ግንቦት 30 ድረስ። እርስዎ እውነቱን ይጻፉ፤ ያምሮትም በራሷ እጅ ትጻፍ። በእንግሊዝኛ ትችላለች። እባክዎ የኔታ።

እንዳለው


ቡሬ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እንዳለው

ዛሬ ሙሉ ነን አልልህም።

በሰም ጽፌው ነበር፣ ወርቁን ይፈቱታል ብዬ ነበር ልልህ ብዕር አንሥቼ ነበር። ውሸት ነው። ወርቅ አልነበረውም። ኩራት ነው የጻፈው። ያ የፍኖተ ሰላም በረንዳ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ፣ በዚያ ሰው ፊት ያጣሁትን ክብር በወረቀት ልመልሰው ፈለግሁ። ስለ አኩፋዳው ያልከው ትክክል ነው።

ለሹሞቹ የሚሆነው ከዚህ በታች ያለው ነው። ያስተርጉሙት። አንተም አንብበው፤ አልታሸገም።

እኔ ኪዳነ ማርያም የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ነኝ። ልጄ ደጀኔ ዓምና ነሐሴ 14 ቀን ከእርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ማን እንደ ተኮሰ የሚነግሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እነዚህ ናቸው ይላል፣ አንዱ እነዚያ ናቸው ይላል። ሁለቱንም አልሰማሁም። ሁለት በሬ ነበረን። አንዱን ለተዝካሩ አረድነው። አንዱን ለባለቤቴ ለወለተ ሥላሴ ሕክምና ሸጥነው፤ ሐኪም ጋ ስንደርስ ዘግይታችኋል አሉን። አሁን ሁለቱም ዓይኗ አያይም። መሬታችንን የሚያርስ ስለሌለ ለእኩል ሰጥተነዋል። ዘንድሮ የደረሰን አራት ኩንታል በቆሎ ነው፤ ሁለቱን በልተነዋል። ከአርባ ተማሪዎቼ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሌሎቹ ቄያቸው ገብተዋል፣ የት እንዳሉ የማላውቃቸውም አሉ። ጎተራው ባዶ ነው። በደጃችን ደሃ አይመጸወትም። ልጄን ያምሮትን ለማስተማር አንድ ብር አልችልም። አስተምሩልኝ።

ይኸው ነው፣ እንዳለው። ደጀኔን እንዳይነግርህ ላቀውን በመስቀል ያስማልኩት እኔ ነኝ። ባንተ ደብዳቤ ላይ «ወንድሜ እንዴት ነው?» የሚለውን ሳነብ፣ ከቡሬ ውጭ አንድ ሰው ዘንድ ገና በሕይወት አለ እያልሁ እጽናና ነበር። ያችንም መጽናኛ ዛሬ ለቀቅኋት። አልቅስለት፤ ይወድህ ነበር።

ያምሮትን አታጽፋት። ስለ ወንድሟ በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ማየት አልችልም። የኔ ይበቃል።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም


ዊኒፔግ
ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታና ለእትዬ ወለተ ሥላሴ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤውን ያነበብሁት ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ሥራ አቋርጬ ወጣሁና መኪና ማቆሚያው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ደጀኔ ዋና ያስተማረኝ ሰው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሰላም በሉልኝ እያልኩ ስጽፍ እርስዎ እንዴት ቻሉት? ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ሐዘን ላይ ደስታ መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ይስሙኝ። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል። ሙሉ በሙሉ ነው፣ የኔታ! አራት ዓመት ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቀር። ሴትዮዋ ራሷ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ።

አሁን የቀረው ትንሽ ነው። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ያምሮት በገዛ እጇ ፈርማ እስከ ነሐሴ 9 ድረስ ትላክ። ከዚያ ከላቀው ጋር አዲስ አበባ ወጥታ ፓስፖርት ታውጣ፤ ቪዛው ሌላ ዳገት ነው፣ እኔ ከዚህ እገፋለሁ። ቀኑ ካለፈ ቦታው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይሰጣል፤ በዚህ ቀልድ የላቸውም።

ወረቀቱን ለራሷ ይስጧት፤ ስሟን በራሷ ዓይን ትየው። እስከ ዛሬ ከርሷ አንድ መስመር አልደረሰኝም። አሁንስ ትጻፍልኝ።

እንዳለው


ቡሬ
ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እንዳለው

ደብዳቤህ ሐምሌ 28 ደረሰኝ። ላቀው ደብረ ማርቆስ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። እርሱን አትውቀሰው። በጊዜው ቢደርስም ያው ነበር።

ያምሮት የለችም። ሰኔ 18 ቀን ከጅጋ ሁለት ልጆች ጋር በደላላ እጅ ወጥታለች። በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕሩን ተሻግረው ዓረብ አገር ይገባሉ ይባላል። ከሄዱት አንዷ ልጅ ሐምሌ 5 ቀን ለቤተሰቧ ደውላለች፤ ከባሕሩ ማዶ አይደለም የደወለችው፣ ከወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።

የሠራሁትን ልንገርህ። የሚያዝያው ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ያምሮት ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። «አባ፣ ምን አሉ?» አለችና ወረቀቱን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱ ላይ ለሹሞቹ የጻፍሁት አለ፤ አንተ ቃል በቃል ገልብጠኸዋል። ከሰጠኋት ታነበዋለች። የከለከላት አባቷ መሆኑን ታውቃለች። አጥፌ ኪሴ ከተትሁና፣ «ነጥብሽ አልበቃም አሉ» አልኋት።

«እሺ አባ» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ብትከራከረኝ፣ ብታለቅስ፣ ምናልባት እናገር ነበር። ምናልባት ነው፤ እርግጠኛ አይደለሁም። በማግሥቱ ደብተሮቿን ሰብስባ ለላቀው ልጅ ሰጠቻት።

ይግባኙን ተደብቄ ጻፍሁ። ከፈቀዱ የምሥራች ብዬ እነግራታለሁ፣ ካልፈቀዱ ደግሞ ሳታውቅ ትቀራለች ብዬ አሰብሁ። ያምሮትን አታጽፋት ያልሁህም ስለ ወንድሟ አልነበረም። ከጻፈች ልታውቅብኝ ነው።

በሄደች ቀን እኔ ቅዳሴ ነበርሁ። ለእናቷ ነግራት፣ ስማት ሄደች። ወለተ ሥላሴ የሰጠቻትን ወረቀት ማንበብ ስለማትችል እኔ እስክመለስ በእጇ ይዛ ጠበቀችኝ። አነበብሁላት። እንዲህ ይላል፦ «አባ፣ ነጥቤ ስላልበቃ ይቅርታ አድርግልኝ። አሳፈርሁህ። ሠርቼ የእማን ዓይን አሳክማለሁ።»

ለእናቷ ይህን ሳነብላት ድምፄ ሲሰበር፣ ሐዘን መሰላት። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኋትም። ካንተ ቀጥሎ ለርሷ ነው የምነግራት፤ ዛሬ ይህን ጨርሼ ነው።

ነሐሴ 9 ሊደርስ ስምንት ቀን ቀረው። ያችን ሴትዮ ለምንልኝ። አባትየው ይለምናል በላት፤ እንደ ተማሪ፣ ደጅ ቆሞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል በላት። ቦታውን አንድ ወር፣ ካልሆነም አንድ ሳምንት ያቆዩላት። እንደማይሆን ልቤ ያውቀዋል፤ አንተ ግን ጠይቅ።

የስልክ ቁጥርህን ይዛዋለች። የኛ ስልክ ስለማይሠራ የምትደውለው ላንተ ነው። የማታውቀው ቁጥር ሁሉ ሲደውል አንሣ፤ ሥራ ላይ ብትሆንም አንሣ። እርሷ ከሆነች የት ነሽ ከማለትህ በፊት፣ መስመሩ ሳይቋረጥ፣ ማለፏን ንገራት። ሦስተኛ ነበርሽ በላት። ነጥብሽ በቅቶ ነበር፣ አባትሽ ነው የዋሸሽ በላት።

ኪዳነ ማርያም